አበልጁ ማን እንደሆነ ጠይቀሻል?

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ኅዳር፣ ከሚካኤል በዓል በኋላ በነበረው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ የጠበቃ ቢሮ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ መግባትም መመለስም አቅቶኝ። ስለዚያ ቀን ለማንም ዘርዝሬ አውርቼ አላውቅም። አሁን የምጽፈው እንዲያ ዓይነት በር ላይ የሚቆሙ ሌሎች ሴቶች እንዳሉ ስለማውቅና ያላመሰገንኳቸው ሰዎች ስላሉ ነው።

በአንድ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬን ከምወድበት ምክንያት አንዱ ብዙ ስለማያናግር ነው። ከሰው ጋር ስሆን ቃል ይጠፋብኛል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ ድምፄ ጭራሽ ጠፍቶ፣ መምህሬ ውሃ አስመጥተው አስጠጥተውኛል።

ያገባሁት ከአራት ዓመት በፊት ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ልጃችን ሶስና ያኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር። የትዳራችንን ነገር ሁሉ እዚህ አልጽፍም። ሁለት ጊዜ እጁን አነሳብኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ አስታረቀን። በሦስተኛው ሽማግሌ አልጠራሁም። ልጄን አዝዬ ወጣሁና ከጤና ጣቢያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየሁ።

ብዙም ሳይቆይ የባለቤቴ አባት ከሐሙሲት መጡ። እህል ነጋዴ ናቸው፤ በአካባቢያቸው ቃላቸው የሚሰማ፣ የተከበሩ ሰው። እኔም እንደ አባት ነበር የማያቸው። ስለ ጠባችን አንድም ነገር አላነሱም።

"ልጅቷን ለሚካኤል ስጪኝ። አያቷ ናፍቃታለች። በሳምንቱ እመልስልሻለሁ" አሉኝ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ልብሷን አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው። በሁለተኛው እርቅ ቀን የተናገሩት ቃል ትዝ ያለኝ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። "ከእኛ ቤት ሴት ልትወጣ ትችላለች፤ ልጅ ግን አይወጣም" ብለው ነበር። ያኔ የቁጣ ንግግር መስሎኝ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ፍቺ መጠየቄን ቀድመው ከሰሙ ሶስናን እንደማይመልሱልኝ ገባኝ።

ስለዚህ ጠበቃ መፈለግ የጀመርኩት በምሥጢር ነው። ምሥጢር ካልነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ "አንዲት ጓደኛዬ ከባሏ ልትለያይ ነው፤ ጥሩ ጠበቃ ታውቃላችሁ?" እያልኩ ጠየቅሁ። የካርድ ክፍሏ ባልደረባዬ የአንድ ሰው ስም ነገረችኝና እጄን ይዛ "ጓደኛሽን አይዞሽ በያት፤ በደንብም ትብላ፣ ከስታለች" አለችኝ።

ከጉና እግር ለገበያ የመጡትን አጎቴንም ጠየቅኋቸው። እሳቸውን አልዋሸሁም።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ጠበቃ እንደ ቤት ውሻ ነው፤ የማይጮኸውን ማን ይፈራዋል? ያንን አፈኛውን ያዢ።"

ሁሉም የነገሩኝ አንድ ሰው ሆነ። ስማቸውን አልጽፍም። በዕድሜ የገፉ፣ በከተማው የታወቁ ጠበቃ ናቸው። ሲከራከሩ ለመስማት ጉዳይ የሌለው ሰው ሳይቀር ችሎት ይገባል ይባላል። እኔም ልቤ የተመኘው እሱኑ ነበር፤ እኔ ጥግ ላይ ዝም ብዬ ተቀምጬ፣ ስለ እኔ የሚጮህልኝ ሰው።

እንግዲህ በራቸው ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው ከውስጥ አንዲት ሴት፣

"ትገቢያለሽ ወይስ በር ጠባቂነት ተቀጥረሽ ነው? ብርዱ ገባኮ!" ያለችኝ።

ደንግጬ ገባሁ። እንግዳ መቀበያዋ ክፍል ጠባብ ናት። አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ የጠበቃውን ክፍል የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ሴትየዋ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የተጠበሰ ባቄላ ትቆረጥማለች። ዕድሜዋ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጥ ይመስለኛል። ጠበቃው ችሎት ስለሆኑ እስኪመለሱ መጠበቅ እንዳለብን ነገረችኝና ከባቄላው እፍኝ ሰጠችኝ።

ትርንጎ ትባላለች። ብዙ ዓመት ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ናት። ጠበቃውን የያዘቻቸው ከወንድሟ ጋር ላለባት የመሬት ድንበር ክርክር ነው። ይህን ሁሉ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

"አንቺስ በምን መጣሽ?"

"እኔ እንኳ... ለጓደኛዬ ነው። ልትፋታ ፈልጋ።"

"ኧረ? ጓደኛሽ ልጅ አላት?"

"አንድ ሴት ልጅ።"

"ጓደኛሽ ቀለበቷን ካወለቀች ብዙም አልቆየች፤ ጣቷ ላይ ምልክቱ ገና አልጠፋም" አለችና እጄን አየችው።

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ክፋት አልነበረበትም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደ እኔ ተጠጋች።

"ስሚኝ የኔ እናት፤ እኔም ፈትቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የዚህን ጠበቃ አበልጅ ማን እንደሆነ ጠይቀሻል?"

አልገባኝም። አበልጅ በእኛ አገር ምን ያህል የከበረ ዝምድና እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅህን ክርስትና ያነሳልህ ሰው ከሥጋ ዘመድ አይተናነስም፤ ይልቅ ይበልጣል። ከአበልጅ ጋር አይጣሉም፤ በአበልጅ ላይ አይመሰክሩም። ግን ይህ ከጠበቃ ጋር ምን አገናኘው?

"እኔ ከዐረብ አገር ስመለስ ባሌ ሌላ አግብቶ፣ በላኩት ገንዘብ በሠራው ቤት ውስጥ አስቀምጧት ጠበቀኝ" አለች ትርንጎ። "ጠበቃ ያዝኩ። እኚህን አይደለም፤ ሌላ ነው። አፉ ማር! በሄድኩ ቁጥር 'ትንሽ እንታገሥ፣ ሽማግሌ ይግባበት' ይለኛል። እንዲሁ ዓመት አለፈ። ለካ የባሌ ወንድም የእሱን ልጅ ክርስትና አንስቷል! ለፋሲካ እነሱ ቤት በጉን በልቶ፣ በማግስቱ እኔን 'እንደምን አደርሽ እህቴ' ብሎ ቢሮው ይቀበለኛል።"

"ታዲያ ምን አደረግሽ?"

"ተሳደብኩ። ከዚያ ሌላ ያዝኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ለመሬቱ እኚህን ስይዝ መጀመሪያ የጠየቅሁት ከወንድሜ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ነው። ጎበዝ ናቸው፤ ግን ጎበዝነት ለሚቆሙለት ሰው ነው። አንቺም ጠይቂ።"

"እንዲህ ያሉ ትልቅ ሰው እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃቸው?"

"በአፍሽ ነዋ! በምን ልትጠይቂ ኖሯል?"

ያን ጊዜ ጠበቃው ገቡ። ቁመታቸው ረዥም፣ ድምፃቸው ጎርናና ነው። ትርንጎ ቀድማኝ የመጣች ብትሆንም "እሷ ትግባ፣ የእኔ መሬት የትም አይሄድም" ብላ ገፋ አደረገችኝ።

ጠበቃው በአክብሮት ተቀበሉኝ። ቃላት እየጠፉብኝ ስንተባተብ አላቋረጡኝም። እንደተመታሁና መለያየት እንደምፈልግ ብቻ ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

"አይዞሽ ልጄ። አንቺ አፍሽን አትከፍቺም። እኔ አለሁልሽ" አሉኝ።

ልቅሶዬ መጣ። ለቀናት የጠበቅሁት ቃል ይህ ነበር። የትርንጎ ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይጠየቃል ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። የውሉን ወረቀት አውጥተው መሙላት ጀመሩ። ስሜን ነገርኳቸው። ቀጥለው የባለቤቴን ስም ከነአባቱ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

እስክሪብቷቸው ቆመ።

"የሐሙሲቱ? የእህል ነጋዴው ልጅ?"

"አዎ።"

መነጽራቸውን አወለቁና ፊታቸው በፈገግታ በራ። ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ይህንን አልረሳውም።

"እንዲያማ ከሆነ አንቺም ልጄ ነሽ! እሳቸው እኮ አበልጄ ናቸው። የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሱልኝ እሳቸው ናቸው። ይሄ ፍርድ ቤት የሚደርስ ነገር አይደለም። አሁኑኑ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፤ እኔው ራሴ ሽማግሌ ሆኜ እጨርሰዋለሁ።"

ስልካቸውን አነሱ።

"እባክዎ አይደውሉ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ለበጎ ነው ልጄ፣ ለበጎ ነው" እያሉ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ሲጠራ ይሰማኛል። ሶስና እዚያ ቤት ናት። እኚህ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ከተናገሩ ልጄን መቼ እንደማያት አላውቅም። እጃቸውን ልይዝ አልደፍርም። ልጮህም አልችልም።

ከየት እንደመጣ አላውቅም፤

"በሕግ አምላክ!" አልኩ።

ልጅ ሆኜ አባቴና ጎረቤታችን በድንበር ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ እናቴ ይህንኑ ስትል፣ የተነሳ ዱላ ባየር ላይ ቆሞ አይቻለሁ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል። አልቆምም ያለ እንደሆነ አገር ይታዘበዋል። እኔ ግን በሕይወቴ አንድም ቀን ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ጠበቃው ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ተነሳ። "ሃሎ! አበልጄ! ምነው በደህና ነው?" የሚለው የአማቴ ድምፅ እኔም ድረስ ተሰማ። ከኋላቸው የሕፃን ድምፅ ነበር። የሶስና ይሁን የጎረቤት ልጅ እስካሁን አላውቅም።

አማቴ "ሃሎ? ሃሎ?" አሉ።

"አበልጄ" አሉ ጠበቃው በመጨረሻ፣ እኔን እያዩ፤ "ለሚካኤል ሳልመጣ ቀርቼ አፍሬ ነው የደወልኩት። እንዴት ናችሁ? አዝመራውስ እንዴት ነው?"

ስለ አዝመራው አወሩ። ስለ ሩዙ አጨዳ፣ ስለ አንድ የታመመ በሬ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወሩ። ያ ሰላምታ የማያልቅ መሰለኝ። ስልኩን ሲዘጉ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"በዚህ ሥራ ስኖር በሕግ አምላክ ብሎ ያስቆመኝ ሰው የለም" አሉኝ። "ዳኛ እንኳ!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

"ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ። ስም ሳልጠይቅ አለሁልሽ አልኩ። ደግሞ አትደውል እያልሽኝ ደወልኩ።" የውሉን ወረቀት ወደ ጎን አደረጉት። "ጠበቃሽ ልሆን አልችልም። በአበልጄ ልጅ ላይ ብቆም ግማሽ ጠበቃ ነው የምሆንልሽ። ግን ከዚህ ክፍል የሰማሁት ከዚህ ክፍል አይወጣም። እንኳን ለአበልጄ ለንስሐ አባቴም አልናገርም።"

በዚህ መሐል መጋረጃው ተገለጠ። ትርንጎ ናት።

"ጋሼ፣ እንግዲያው ለዚች ልጅ ይንገሯት። ችሎት ላይ ከፊትዎ ሲቆም ሆድዎን የሚቆርጥዎ ጠበቃ ማን ነው?"

"አንቺ ደሞ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚው?"

"ከመጀመሪያው ነዋ! ይሄ መጋረጃ እንጂ ግድግዳ መሰልዎ?"

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ጥያቄውን በቁም ነገር አሰቡበት።

"ፍሬሕይወት የምትባል ልጅ አለች፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ። እሷ አትጮኽም። ድምፅዋን ለመስማት ዳኛው ወደ ፊት ጎንበስ ይላል። እኔ የምፈራው ያኔ ነው፤ ዳኛ ጎንበስ ብሎ መስማት ሲጀምር።"

ትርንጎ የራሷን ጉዳይ ትታ እዚያ ድረስ ሸኘችኝ። ደረጃውን ስንወጣ "እኔ ነኝ የምጠይቃት፣ አንቺ ዛሬ የዓመትሽን ተናግረሻል" አለችኝ። እንዳለችውም ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣

"አበልጅሽ ማን ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

ፍሬሕይወት ምሳዋን ልትበላ ሳህኑን ከፍታ ነበር። ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። የባለቤቴን ስምና የአባቱን አገር ስነግራት ነገሩ ገባትና፣ እሷ የወገራ ልጅ መሆኗን፣ ሐሙሲት ውስጥ ዘመድም አበልጅም እንደሌላት ነገረችን። ትርንጎ "ጸድቋል!" ብላ ወጣች።

ፍሬሕይወት ሳህኑን ከደነችው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ድብደባው አልነበረም።

"ልጅሽ አሁን የት ናት?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ጠበቃዬን እንዳገኘሁ ያወቅሁት።

ሁሉንም ነገርኳት። ቀስ ብዬ ስናገር ቀስ ብላ ሰማችኝ።

"ክሱን ዛሬ አልጽፍም" አለችኝ። "መጥሪያ ከደረሳቸው በኋላ ልጅሽን በፍርድ ቤት ማስመለስ ይቻላል፤ ግን ጊዜ ይፈጃል፤ የምትጎዳውም ልጅቷ ናት። መቼ ነው የምንመልሳት ያሉሽ?"

"ሳምንቱ ዛሬ ሞልቷል።"

"እንግዲያው ነገ ሄደሽ ማምጣትሽ ሌብነት አይደለም። ከአንቺ ጋር ስትኖር የነበረች ልጅ ናት። አትዋሺ። ያልተጠየቅሽውን ደግሞ አትናገሪ።" ከዚያ ጨመረችልኝ፤ "ሌላም ነገር ልንገርሽ። ዳኛው ለምን መፋታት እንደፈለግሽ የሚጠይቀው አንቺን ነው። ሕጉን እኔ እናገራለሁ። ኑሮሽን የምትናገሪው አንቺ ነሽ።"

መስማት የማልፈልገውን ነገር ነበር የነገረችኝ። ቢሆንም ሌሎቹ ሁሉ የምፈልገውን ሲነግሩኝ እሷ እውነቱን ስለነገረችኝ አመንኳት።

ጉዳዩ ካለቀ አሁን ወራት አልፈዋል። ችሎት ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልጠፋም፤ ዳኛዋም ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ሰሙኝ። ሶስና ከእኔ ጋር ናት። አባቷ እየመጣ ያያታል፤ ለበዓል አያቶቿ ጋ ትሄዳለች፤ ትመለሳለችም። አዛውንቱ ጠበቃ ቃላቸውን ጠብቀዋል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ያልፋሉ እንጂ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ትርንጎ እስካሁን በድንበሯ ክርክር ላይ ናት፤ በቀጠሮዋ ቀን ስልክ እደውልላታለሁ። በማላውቃቸው ሰዎች ደግነት ልጄን እንዳላጣሁ ሳስብ፣ ዓይናፋርነቴ እንኳ ያን ያህል አያስከፋኝም። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚታወሰኝ የማግስቱ ጠዋት ነው።

ረቡዕ ገና ሲነጋ ከመናኸሪያ የባሕር ዳር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ፎገራ ላይ ሩዝ አጫጆች ማሳው ውስጥ ነበሩ። ሐሙሲት ወርጄ አማቶቼ ቤት ስደርስ፣ አማቴ ከበሩ ፊት ጤፍ ያስመዝናሉ።

"ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?" አሉኝ።

"ፈቃድ ወስጄ ነው አባባ። ሳምንቱ ስለሞላ ሶስናን ልወስዳት መጣሁ።"

"እኔ አመጣት አልነበር? እስከ እሑድ ትቆይ።"

ሌላ ቀን ቢሆን እሺ ብዬ ቡና ጠጥቼ እመለስ ነበር።

"አይ አባባ። ዛሬ ነው የምወስዳት።"

ሚዛኑን ትተው አዩኝ። ልጄ ናት የሚል ሌላ ቃል ልጨምር ነበር፤ ግን የተጠየቅሁት ነገር አልነበረምና ዝም አልኩ። በዚህ መካከል የባለቤቴ እናት ከጓዳ ወጡ። በአንድ እጃቸው ሶስናን፣ በሌላው ትንንሽ ጫማዎቿን ይዘዋል። ባላቸውን ሳያዩ ጫማዎቹን ለእኔ ሰጡኝ።

"በደንብ አዝያት፤ መንገዱ ላይ ይበርዳታል" አሉኝ።

አዘልኳት። ጉልበታቸውን ሳምኩና ወጣሁ። ወደ ኋላዬ አላየሁም። አስፋልቱ ዳር ስደርስ ሶስና ጀርባዬ ላይ ሆና ስለ አንድ ጥጃ ታወራልኝ ነበር። ስልኬን አወጣሁና ፍሬሕይወት ጋ ደወልኩ።

"ሶስና ጀርባዬ ላይ ናት" አልኳት። "አሁን ጻፊው።"